በክንድ የተለካው መስኮት

ሰቆጣ ውስጥ ቆርቆሮ ቤት እንደ አሸን በፈላበት ዘመን ነው። አባ ቢሆነኝ ከገበያ ሳንቃ ተሸክመው ሲያዘግሙ የጎረቤታቸውን ልጅ ሰርካለምን መንገድ ላይ አገኟት። ሰርካለም ሙያ ተምራ ከከተማው ብረታ ብረት ቤቶች በአንዱ ትሠራ ነበር።

“እንደምን ዋሉ አባ ቢሆነኝ? ይህ ሁሉ ሳንቃ ለምንድን ነው?” አለች ጎንበስ ብላ።

“እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። መስኮቴን ልደፍንበት ነው። መስታወት፣ መስታወት ብላችሁ ለብርድ ዳረጋችሁኝ!”

ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። አምና ለአንድ መንገደኛ ብረት ሠሪ የመስኮታቸውን ልክ በራሳቸው ክንድ ነገሩት። አባ ቢሆነኝ ቁመተ ረጅም፣ ሰውየው ድንክ፤ እሱ ደግሞ በራሱ ክንድ ለክቶ ቆረጠው። መስኮቱ ሲመጣ ዙሪያውን እጅ የሚያሾልክ ክፍተት ነበረው። ጨርቅ ቢጠቀጥቁበት የዋግ ነፋስ በጨርቅ የሚመለስ አልሆነም። በመጨረሻ የእንጨቱን መዝጊያ ዘግተው ቀን በኩራዝ መኖር ጀመሩ። ባለቤታቸው እማማ ማንጠግቦሽ በዚያ ጭላንጭል ጥጥ ሲፈትሉ ዓይናቸው ደከመ፤ ጉልበታቸውንም ብርድ ያዘው። “ቆላ ወርጄ ኒሯቅ ልጄ ዘንድ እሄዳለሁ፤ እዚያ ሙቀትም ብርሃንም አለ” ብለው ጓዛቸውን ቋጥረዋል። በስተርጅና ብቻቸውን መቅረታቸውን ሲያስቡት አባ ቢሆነኝ ሆዳቸው ይባባል።

“ለመሆኑ ብርዱ የገባው በመስታወቱ ነው በክፍተቱ?” ስትል ሰርካለም ጠየቀች።

“ምን ለየው? ብርድ መታኝ እንጂ ክፍተት መታኝ የሚል ሰው ሰምተሽ ታውቂያለሽ?”

ሰርካለም ሳቋን ዋጥ አደረገች። “መስታወት ብርሃን ያሳልፋል እንጂ ነፋስ አያሳልፍም። ዙሪያው በስቱኮ ማጣበቂያ ከተደፈነና መዝጊያው ላይ ጎማ ከዞረበት፣ ቀን ፀሐይዋ ቤቱን ታሞቃለች። ማታ የእንጨቱን ሲዘጉት ሙቀቱ እዚያው ያድራል። ከሰሉም ላምባውም ይተርፍዎታል።”

“ያም ሰውዬ እንዲሁ ብሎኝ ነበር እኮ!”

“አሁን የት ነው?”

“እኔ ምን አውቄ! ወልድያ ይሁን የት።”

“እንግዲያው መስኮቱን ብቻ ሳይሆን ሠሪውንም ይምረጡ። ቤትዎ መጥቶ በሜትር ይለካ፤ ነገ ቢጣመም የት እንደሚያገኙት ይወቁ። የእኔንም ቃል ዝም ብለው አይመኑ፤ በእኛ መስኮት ክረምቱን የከረመ ሰው ይጠይቁ።”

አባ ቢሆነኝ ዕቃዋን ታሞግሳለች ብለው ሲጠብቁ “አይመኑኝ” ስትላቸው ደስ አላቸው። በቀጥታ የእነ ሰርካለምን መስኮት አምና ወዳስገባው ወደ ቅጣው ቤት ሄዱ። ነፋሱ ደጁን እያተራመሰ ሳለ ክብሪት ጭረው ወደ መስኮቱ ዳር ቢያስጠጉ ነበልባሉ ንቅንቅ አላለም። ከዚያ ወዲያ ክርክር የለም።

ሰርካለም መጥታ በድንጋዩ ግድግዳ ላይ ያለውን የመስኮት ክፍት ላዩንም ታቹንም በሜትር ለካች። አዲሱ መስኮት በገባ ዕለት ፀሐይ ቤቱን ሞላችው። እማማ ማንጠግቦሽ ጣሪያውን ቀና ብለው አይተው ክው አሉ።

“ወይኔ! ይህን ሁሉ ጥላሸት ተሸክሜ ነው የኖርኩት?” ጓዛቸውን ፈትተው አሮጌ ሻሽ አወጡና ጭንቅላታቸውን አሰሩ።

“ኒሯቅስ?” አሉ አባ ቢሆነኝ ፈራ ተባ እያሉ።

“የምን ኒሯቅ! ያንን ሳንቃ ድንጋይ ላይ አጋድሙልኝ፤ ልቁምበትና ልጥረገው።”

ከዚያ ወዲህ ኩራዝ የሚበራው ሲመሽ ብቻ ነው፤ ከሰሉም ይበረክታል፣ የእማማ ማንጠግቦሽም ጉልበት ተሻለው። ሳንቃው ከመስኮቱ ሥር መቀመጫ ሆኖ ቀረ። እማማ ማንጠግቦሽ በፀሐይዋ እዚያ ላይ ይፈትላሉ፤ አባ ቢሆነኝም ሥራ ሲፈቱ ከጎናቸው ይቀመጣሉ።