ያልተማርኩበት ትምህርት ቤት

ክቡራትና ክቡራን፣ ኦቦ ዳባሶ፣ የሥራ ባልደረቦቼ፤

ፍየል አርዳችሁ፣ ሶዳ ደርድራችሁ፣ የማተሚያ ቤታችንን በር ዘግታችሁ ልትሸኙኝ በመሰብሰባችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ኦቦ ዳባሶ በምርጫው ሰሞን እንኳ ይህን በር አልዘጉም። የዕጩዎቹን ፖስተር ስናትም ስንት ቀን ምሳ እንደዘለልን ታውቃላችሁ። ዛሬ ለእኔ ሲባል ተዘጋ። ትልቅ ክብር ነው። ክብሩ ግን አንገቴን አስደፋኝ፤ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ።

ሁላችሁም «ምዋሊሙ» ትሉኛላችሁ። አስተማሪ! ናይሮቢ የሥዕል ትምህርት ቤት ገብታ በኮምፒውተር ሥዕል ዲፕሎማ ያገኘች ሴት ናት ብላችሁ ነው። ማን ነገራችሁ? እኔው ነኝ።

ዲፕሎማ የለኝም። እዚያ ግቢ የገባሁት አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ለመግቢያ ፈተና። የተቀመጠ ሰው ሳሉ ተባልን። ሳልኩ፤ ወደቅሁ። ከዚያ እዚያው ናይሮቢ፣ ኢስሊ ሰፈር፣ ለሰው ደብዳቤ እየተየብኩ፣ ገጹ ከጎደለ መጽሐፍ ፎቶሾፕን በራሴ ተማርኩ። በፈረንጆቹ 2001 ኦቦ ዳባሶ ሲቀጥሩኝ «ወረቀትሽስ?» አሉኝ። «መንገድ ላይ ነው» አልኳቸው። ይኸው ሰባት ዓመቱ! ከናይሮቢ ወደዚህ የሚያመጣው የማርሳቢት መንገድ ክፉ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ጭቃ የያዘው ሎሪ እንኳ ግን ይህን ያህል አይቆይም።

ሳቁ ግድ የለም። እስከዚህ ያስቃል። የቀረው ግን አያስቅም።

ሸፊቃን ታውቋታላችሁ። ከሄሉ ሰፈር በእግሯ እየመጣች ደንበኛ የምትቀበለው፣ የመታወቂያ ፎቶ የምታነሳው ሸፊቃ በምሳ ሰዓት ኮምፒውተሩ ላይ በማውዝ የጎልቦን ቆላ ግመሎች ትስል ነበር። ግመሎቹ አሁን ተነስተው የሚሄዱ ይመስሉ ነበር። ከሦስት ዓመት በፊት፣ ያ እኔ የወደቅሁበት ትምህርት ቤት ተቀበላት። አጎቷ ናይሮቢ ቤት አለው፤ አባቷም እሺ ብሏል። የቀረው የእሷ ውሳኔ ብቻ ነበር። ደብዳቤውን ይዛ መጣች።

«ምዋሊሙ፣ ልሂድ ወይስ እዚሁ በራሴ ልማር? ሰው ሁሉ ኮምፒውተር በእጅ ነው የሚለመደው ይለኛል። አንቺ ብትነግሪኝ ይሻላል፤ ተምረሽበታል።»

ቀጥላ ደግሞ እየሳቀች፣ «ከሄድኩ ለአስተማሪዎችሽ ሰላምታ አደርስልሻለሁ፤ ስማቸውን ንገሪኝ» አለችኝ።

እዚህ ላይ ውሸቴ እንዳይወጣ ፈራሁ። እውነተኛው መልስ ምን ነበር? በራስ መማር እጅን ያፈጥናል፣ አትፍሪው፤ ግን ስትሳሳቺ አስቁሞ ምክንያቱን የሚነግርሽ የለም፤ እኔ አንዱን ስህተት ለዓመታት ተሸክሜዋለሁ ማለት ነበረብኝ። ምን አልኩ? «ትምህርት ቤት ጊዜ ማባከኛ ነው። ያስተማሩኝን ሁሉ እኔ አሳይሻለሁ።»

አመነችኝ። ቀረች።

ምን አሳየኋት ታዲያ? ስክሪኑ ላይ የደመቀው ቀይ ወረቀት ላይ ለምን ይደበዝዛል ብላ ስትጠይቀኝ «የማሽኑ ችግር ነው» አልኳት። መልሱን አላውቀውማ! አሬሮ፣ ወንድሜ፣ ይቅር በለኝ። ያን ማተሚያ ማሽን ስንት ጊዜ ነው በከንቱ ያስፈታሁህ? ኦቦ ዳባሶ ሲቆጡህም አጠገብህ ቆሜ ዝም ብያለሁ።

አንድ ቀን ሸፊቃ ከሳይበር ካፌ ያሳተመችውን ወረቀት ይዛ መጣች። ስክሪን የሚያሳየን በብርሃን ነው፣ ማሽኑ የሚያትመው ግን በቀለም ነው፤ ስለዚህ ሥራውን ከመነሻው ለወረቀት ማዘጋጀት ያስፈልጋል ይላል። የአንዲት ሙሽራ የጥሪ ካርድ በእጇ ነበርና አስተካክላ አተመችው። ቀዩ እንደታሰበው ወጣ።

«የአሬሮ ማሽን ጤነኛ ነው» አለች። ከዚያ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ትምህርት ቤት ይህን አላስተማሩሽም?»

«ረስቼው ነው» አልኩ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለ ሥራ አንድም ነገር ጠይቃኝ አታውቅም። ሰላምታዋ አልጎደለም፤ ጥያቄዋ ነው የቀረው። ከስድብ ይልቅ ያ ነው ያቃጠለኝ።

ባለፈው ሰኞ ለብቻዋ ጠርቼ ሁሉንም ነገርኳት። «በራሴ በመማሬ አላዝንም። ምናልባት ያኔም ይህንኑ እመርጥ ነበር። ግን መምረጡ የኔ ነበር፣ እታለማሁ» ብላ በስሜ ጠራችኝ።

ወደ ኦቦ ዳባሶ ሮጬ «ወይ ወንበሬን ይስጧት፣ ወይ ናይሮቢ ይላኳት» ብዬ ለመንኳቸው። «ጠይቄያታለሁ፤ እያሰበችበት ነው። አንቺ አሁንም ልትወስኚላት ነው?» አሉኝ።

እኔ ሐዋሳ፣ እህቴ ዘንድ እሄዳለሁ። እዚያ በአርባ ሦስት ዓመቴ ለጀማሪዎች የሥዕል ትምህርት ተመዝግቤያለሁ። ቅጹ ላይ «ከዚህ በፊት የተማሩበት ቦታ» የሚል መስመር አለ። እስክሪብቶዬን ይዤ ብዙ ቆየሁ። «በራሴ» ብዬ ጻፍኩ።

እስላሙም ክርስቲያኑም አሚን በሉኝ። ኦቦ ዳባሶ፣ ቤትዎ ሰው አይጉደልበት። አሬሮ፣ ክንድህ አይዛል። ሸፊቃ፣ ብትሄጂ መንገዱ ይቅናሽ፤ ብትቀሪ እጅሽ ይባረክ። ሁላችሁም፣ ግራ በገባችሁ ቀን የምትጠይቁት ሰው እውነተኛ ይሁንላችሁ። እናንተ የምትጠየቁበት ቀን ሲመጣ ደግሞ፣ ፈጣሪ ከእኔ የበለጠ ድፍረት ይስጣችሁ።