ቢሮ የቀረው ስልክ

ሬዲዮ ፈትቶ መግጠምን ያለ አስተማሪ የተማርኩ ሰው ስለሆንኩ የማሽን ወሬ አያመልጠኝም። ከአምቦ ወደ ጌዶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንድ ወጣትና አንዲት እናት ሲጫወቱ ሰማሁ።

«ዛሬ ሥራ የለህም እንዴ፣ ልጄ?»

«አዴ፣ አሁን እኮ ቢሮ ነኝ!»

«እንዴት ሆኖ?»

«የመግቢያ ካርዴን መረጃ ስልኬ ውስጥ ገለበጥኩት። በሩ ላይ ያለው ማሽን ስልኩን ሲያስጠጉለት ካርዱ ይመስለውና ገብቷል ብሎ ይመዘግበኛል።»

«ማን ያስጠጋልሃል?»

«ጓደኛዬ። ስልኩን ሰጥቼው መጣሁ።»

«ካርዱን አትሰጠውም ነበር?»

«ካርዱ ላይ ፎቶዬ አለ፤ ጥበቃው ያያል። ስልክ ማን ያያል?»

«አይ ብልጠት! ጌዶስ ምን ልትሠራ ነው?»

«ዛሬ ሽማግሌ ልኬያለሁ። የልጅቷን ቤት ስለማያውቁት፣ መናኸሪያ ሲደርሱ ይደውሉልኛል።»

«በየትኛው ስልክ?»

ወጣቱ ኪሱን ዳበሰ።

«አዴ፣ እባክዎ ስልክዎን ያውሱኝ፤ የራሴ ላይ ልደውል።»

ደወለ፤ አዳመጠ፤ ዘጋው።

«ጓደኛህ ምን አለ?»

«ያነሱት አለቃዬ ናቸው።»

«ያ ዋቃዮ! ምን አሉህ?»

«‹ማሽኑ ቢሮ ገብቷል ይላል፤ ሽማግሌዎችህ ደግሞ ጌዶ ቆመን እየጠበቅነው ነው እያሉ ይደውላሉ። ማንን ልመን?› አሉኝ።»

እኔም እንዴት እንደሚሠራ ልጠይቀው ብዬ ከኪሴ ያወጣሁትን ስልክ ቀስ ብዬ መልሼ ከተትኩት።