የኦቦ ገርባ ፎርኖ እሳት

ባለ ዳቦ ቤቱ ኦቦ ገርባ በሰው ተሳስተው ያውቁ ይሆናል፤ በብረት ግን ተሳስተው እንደማያውቁ ለሚሰማቸው ሁሉ ይናገራሉ። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላም አዳማ ፍራንኮ አካባቢ፣ አንድ በያጅ ቤት በር ላይ ቆመው ከከባድ መኪና የወጣ ወፍራም የብረት ቱቦ ለማስጫን ከአንድ ባለባጃጅ ጋር ይከራከሩ ነበር። ሳታስበው ያገኘቻቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሚልካ ናት። ሚልካ ዩኒቨርሲቲ ምህንድስና ታስተምራለች፤ የመጣችውም የቤተ ሙከራ ዕቃ ልታስበይድ ነው።

«አካም ጅርታ ሚልካ፣ ናጋ?»

«ናጋ፣ ገለተ ረቢ። ኦቦ ገርባ፣ የፎርኖው ቱቦ እንደገና ተቃጠለ እንዴ?»

«ተቃጠለ። ያለፈው ቀጭን ነበር። ይሄ ግን ከሞጆ ጅቡቲ ሲመላለስ የኖረ መኪና አካል ነው። የአፋር በረሃ ያልበገረውን ብረት የዳቦ እሳት ምን ያደርገዋል?»

ይህ እምነት የኦቦ ገርባ ብቻ አይደለም፤ አብዛኛው የከተማው ፎርኖ ሠሪ፣ ክብደት የቻለ ብረት እሳትም ይችላል ባይ ነው። ነገሩ ለጆሮ ደስ ይላል። እሳቱ ግን አልሰማም።

«ነገሪስ ተሻለው?» አለች ሚልካ።

የኦቦ ገርባ ፊት ጠቆር አለ። ነገሪ እንደ ልጃቸው የሚያዩት ጋጋሪያቸው ነው። ሰሞኑን ፎርኖው ፊት ራሱን ስቶ ወድቆ፣ ወደ ደጅ ጎትተው ካወጡት በኋላ ነው የነቃው። «ምግብ በቅጡ አይበላም» አሉ፤ ልባቸው ግን ፈርቶ ነበር።

«ምግብ አይመስለኝም። ቱቦው ሲቀደድ በውስጡ የሚያልፈው የናፍጣው ቃጠሎ ጋዝ ወደ ቤቱ ይገባል። ሽታ የሌለው መርዝ አለበት፤ ሌላ ቀን ቢወድቅ ላይነሳ ይችላል። እባክዎ እስኪስተካከል አያንድዱት። ቱቦ ከመምረጥዎ በፊትም የጋዙን ሙቀት ልለካልዎት።»

«መለኪያ አለኝ እኮ። በሩ ላይ ያለው ሁለት መቶ ሃምሳ ዲግሪ ይላል። በሁለት መቶ ሃምሳ የሚያልቅ ብረት የት አለ?»

«እሱ የሚለካው ዳቦው ያለበትን አየር ነው። ቱቦው ውስጥ የሚያልፈው ጋዝ ሌላ ነው።»

ኦቦ ገርባ አላመኑም። የነገሪ ስም ስለተነሳ ብቻ እሺ አሉ።

በማግስቱ ሚልካ በርና መስኮቱን አስከፍታ ሠራተኛውን ሁሉ ደጅ አስወጣች። ናፍጣው ለአጭር ጊዜ ሲነድ፣ በቱቦው ቀዳዳ የሙቀት መለኪያ ሽቦ አስገብታ ኦቦ ገርባን በመስኮት በኩል ቁጥሩን አሳየቻቸው። ሰባት መቶ ስልሳ።

ሽማግሌው ደነገጡ፤ ግን ቶሎ አገገሙ። «እንግዲያው የዕቃ ማጠቢያ የሚሠራበትን ስቴንለስ እንገዛለን። በያጁ ስምንት መቶ ይችላል ብሎኛል።»

«ትንሽ ይታገሱኝ» አለችና የሽቦውን ጫፍ በአጭር ቱቦ ከልላ፣ ጋዙ በመሃሉ እንዲያልፍ አድርጋ መልሳ አስገባችው። ቁጥሩ ወጣ፣ ወጣና ስምንት መቶ ሰባ ላይ ቆመ።

«አየሽ? አንድ እሳት፣ ሁለት ቁጥር። መለኪያሽ ይዋሻል።»

«የዋሸው የመጀመሪያው ነው። በብርድ እሳት ዳር ሲቀመጡ ጀርባዎን ለምን ይበርድዎታል?»

«ጋቢ ካልደረብኩ ሙቀቴን ብርዱ ይወስደዋላ።»

«ሽቦውም እንደዚያው ነው። ከጋዙ ያገኘውን ሙቀት ከእሱ ለሚቀዘቅዘው ለቱቦው ግድግዳ ይሰጣል፤ ስለዚህ ከጋዙ አሳንሶ ያሳያል። አሁን በአጭሩ ቱቦ ጋቢ ደረብንለት። ይህም ቢሆን ወደ እውነቱ ቀረበ እንጂ ሙሉ በሙሉ አልደረሰም።»

ኦቦ ገርባ ቁጥሩን እንደገና አዩት። በኋላ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «በመጀመሪያው ቁጥር ገዝተን ቢሆንስ?» አሉ።

«ጥቂት ይቆይና ይቀደድ ነበር።»

«ነገሪ ፊት።»

«አዎ፣ ነገሪ ፊት።»

«ወፍራሙስ? የመኪናው?»

«ተራ ብረት በዚህ ሙቀት ቅርፊት እያወጣ ይረግፋል። ውፍረቱ ትንሽ ያዘገየዋል እንጂ አያድነውም። እሳቱ በቀጥታ የሚመታውን አፉን እሳት በሚችል ጡብ እናሠራ። ቀጥሎ ያለው ክንድ ያህል፣ ለከፍተኛ ሙቀት ተብሎ የሚሠራ፣ ክሮምና ኒኬል የበዛበት ስቴንለስ ይሁን። ከዚያ ወዲያ ጋዙ ስለሚቀዘቅዝ እየለካን ርካሹን እንጠቀማለን።»

ለኖሩበት ነገር ጀርባ መስጠት ለማንም ቀላል አይደለም፤ ለኦቦ ገርባ ደግሞ ከሁሉ ይከብዳል። ሆኖም ያን ወፍራም ቱቦ ለበያጁ መልሰው፣ ፎርኖው ተሠርቶ እስኪያልቅ ዳቦ ቤታቸውን ዘጉ። ደንበኛ ሲያጉረመርም ቻሉት።

ሥራው ሲያልቅ ለውጡ በዓይን ታየ። ዳቦው በሁሉም በኩል እኩል ይበስላል፣ ናፍጣው ይበረክታል፣ ግድግዳው በጥላሸት መጥቆሩ ቀረ። ነገሪም ቀኑን ሙሉ ሠርቶ እያፏጨ ወደ ቤቱ ይሄድ ጀመር። አስቀድሞ መለካትና ለተለካው ሙቀት የሚስማማ ዕቃ መምረጥ፣ ኪስንም ሰውንም ያድናል።

አንድ ቀን ጠዋት የነገሪ ሚስት ጂቱ ዳቦ ቤቱ ድረስ መጣች። «ኦቦ ገርባ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልልዎት ነው» አለች። «ከሥራ ሲመጣ ራሱን ይዞ ይተኛ ነበር። እኔ ትንፋሹን እያዳመጥኩ ነበር የማነጋው። አሁን እኔም እተኛለሁ።»

ሽማግሌው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ምስጋናው ለእኔ አይደለም፣ ልጄ። እኔማ ባልሽን የሚገድል ብረት እየመረጥኩ ነበር» አሉና ትኩስ ዳቦ በፌስታል ሞልተው፣ ጂቱን አስከትለው ሚልካ ቤት ሄዱ።

ጂቱ የሚልካን እጅ ይዛ አልለቅ አለች። ሚልካ አፍራ፣ «ሥራዬ እኮ ነው» አለች።

«እንግዲያው ሥራሽ አላለቀም» አሉ ኦቦ ገርባ። «ባለ ዳቦ ቤቶቹን ሁሉ አነጋግሬልሻለሁ፤ መለኪያሽን ይዘሽ ነይ። በየፎርኖው ፊት አንድ ነገሪ ቆሟል።»