ዲስኩን ያላወቀው ከርነል

ከሰቆጣ ወደ ኮረም በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንድ ቄስና ኮምፒውተር ያቀፈ ጠጋኝ ያወራሉ።

«ከካሴት የገለበጥከው የመሪጌታ ድምፅ ጠፋ እንዳትለኝ። ካሴቱ እንደሆነ ተበጥሷል።»

«አልጠፋም፣ አባ። ዲስኩ ላይ አለ። ኮምፒውተሩ ነው ዲስኩን ማየት ያቃተው።»

«ዓይኑን ማን ጋረደው?»

«እኔው ነኝ። ማሽኑ አሮጌ ነው፣ ይቅለለው ብዬ ከርነሉን እንደ አዲስ ሠራሁት።»

«ከርነል ደግሞ ምንድን ነው?»

«ኮምፒውተሩን ከውስጥ ሆኖ የሚያዘው ፕሮግራም ነው። አይጠቅምም ብዬ ከቀነስኩት መሃል ዲስኩን የሚያሳውቀው ድራይቨር ነበረበት። እኔ ደግሞ ዲስኩ ተቃጠለ ብዬ ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም።»

«ታዲያስ?»

«ትናንት ድራይቨሩን መልሼ ከርነሉን ደግሜ ሠራሁት። ሳስነሣው ዲስኩን አወቀው።»

«መሪጌታስ?»

«ካቆሙበት ቀጠሉ።»

«ስምህ ይባረክ፣ ጌታዬ! ካረፉ እኮ ሁለት ዓመታቸው ነው።»

«መሃል ላይ እርስዎም አሉበት፣ አባ። ሲያዜሙ መሪጌታ ‹ተሳስተሃል› ብለው ያርሙዎታል።»

«እኔን? ያኔ አልሰማኋቸውም። ምኑ ላይ?»

«ማብቂያው ላይ። ቶሎ ቆረጡት።»

«እግዚኦ! እስከ ዛሬ እንደዚያው ነው የማዜመው።»

ወራጅ ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም።