እዚህ ላይ ውኃ ይጠጡ

ግቢ፣ ግቢ እህት ዓለም! በሩን በትከሻሽ ገፋ አድርጊው፤ ዝናብ ሲመታው ያብጣል። ውይ፣ ያን ሁሉ ደረጃ በዚህ ተረከዝ ወጣሽው? ልጆቹ ደህና ናቸው? ትልቋ ተመረቀች አሉ፤ እሰይ! ምን አጠናች? ... ኢኮኖሚክስ ብቻ እንዳትይኝ።

እዚያ ሶፋው ላይ ተቀመጪ። የወንበሯ አንድ እግር አጭር ነው፤ ጋዜጣ አጥፌ አስገብቼላታለሁ። "ጉድለቱ ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ" የሚል ርዕስ ያለበትን ገጽ መርጬ ነው። ያም ሆኖ ትወዛወዛለች። ምን ታያለሽ? ዲግሪዬን ነው? እሱን የሰቀልኩት ከኋላው ያለውን የእርጥበት ቋቁቻ እንዲሸፍንልኝ ነው። ከተመረቅኩ ወዲህ ዲግሪዬ በትክክል የሠራው እዚያች ቦታ ላይ ብቻ ነው...

በስልክ ያልሽኝን አስቤበታለሁ። "ነገ አጣሪ ኮሚቴው ሲጠይቅህ ጥፋቱ የኔ ነው በል፤ አንተ ትንሽ ሰው ነህ፣ ብዙ አይጎዱህም" ነው ያልሽኝ አይደል? ልክ ነሽ። ለጡረታ ጥቂት ወራት ቀርተውኛል፤ በጥፋት ከተባረርኩ እሷም ትቀራለች። ግን ጡረታዋም ትንሽ ናት። ትንሽ ሰው ትንሽ ነገር ቢያጣ ማን ያያል? ጥፋቱን ለማን ብዬ እንደምወስድ አንቺም አልነገርሽኝ፣ እኔም አልጠየቅኩሽ። ለባልሽ ነው ብዬማ እንዴት ልጠርጥር? የሰርጋችሁ ሚዜ አልነበርኩም እንዴ? የባልሽን ስም በክፉ አላነሳም። እኔ የማወራሽ ስለ አንድ የማውቀው ሰው ነው።

ያ ሰው ጎበዝ ነው፤ ይህን መመስከር አይሰለቸኝም። ዩኒቨርሲቲ እያለን አንድ ክፍል ነበር የምንተኛው። ፈተና ሲደርስ እኔ አጠናለሁ፣ እሱ እንዳይረብሸኝ ብሎ ይተኛል፤ በማግስቱ ፈተናው ላይ አጠገቤ ይቀመጣል። እንዲህ ያለ አሳቢ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሥራም አንድ ላይ ተቀጠርን። እኔ የበጀቱን ቁጥር እደምራለሁ፣ እሱ ለአለቆች ንግግር ይጽፋል። እኔ "ጉድለት" ብዬ የሰጠሁትን ይዞ ዓይኑን ጨፍኖ ያስባል፣ ያስባል... "ገና ያልደረሰን ገቢ" ብሎ ይጽፈዋል። በዓመቱ ጉድለቱ ሲያድግ ቃሉም አብሮት አደገ፤ "የዕድገት ትንፋሽ" ሆነ። ብድሩንስ ምን ያለው ይመስልሻል? "ለመጪው ትውልድ የምናስረክበው አደራ!" አጨበጨብን። እኔም አጨብጭቤያለሁ እኮ፣ መዳፌ እስኪቀላ። ልጅ ቢኖረኝ ኖሮ ምናልባት ቀስ ብዬ አጨበጭብ ነበር።

አንድ ዓመት ታዲያ ቃሉ አልበቃ ሲል ቁጥሩም ተቀነሰ። እኔ የጻፍኩት ሌላ፣ የተነበበው ሌላ። ነገሩ ሲወጣ ሰበሰቡንና "ማን ነው የቀነሰው?" አሉ። እሱ አጠገቤ ነበር የተቀመጠው፤ ጣሪያውን ያይ ነበር። ጣሪያው ያን ሰሞን አዲስ ቀለም የተቀባ ስለሆነ አልፈርድበትም። ዝምታ ወርቅ ነው ይላሉ፤ የእሱማ ወንበርም ሆነለት። እኔ ደረጃ ሥር ወዳለችው ክፍል ወረድኩ፣ እሱ በዚያው ደረጃ ወጣ። አንድ ደረጃ ለሁለት ሰው... ቁጠባ ማለት ይኼ አይደል?

ክፍሏን እንዳትንቂያት፤ ልዩ ሙያ ያገኘሁባት ናት። እሱ አሁን አለቃ ሆኖ የሚያሰማው ንግግር ሳይታተም ወደ እኔ ይመጣል። ጮክ ብዬ ለግድግዳው እያነበብኩ፣ የት ድምፅ ከፍ እንደሚል፣ የት ቆም ተብሎ ጭብጨባ እንደሚጠበቅ ምልክት አደርጋለሁ። ግድግዳው አጨብጭቦልኝ አያውቅም፤ ቁጥሩን እኩል ስለምናውቀው ይሆናል። ትልቁ ፈጠራዬ ግን ውኃው ነው። ጉድለቱ ጋ ሲደረስ፣ ከቁጥሩ ፊት፣ በቅንፍ "እዚህ ላይ ውኃ ይጠጡ" ብዬ እጽፋለሁ። ተናጋሪው ብርጭቆውን ሲያነሳ አዳራሹ ያስላል፣ ወንበሩ ሲጥ ሲጥ ይላል፣ ጎን ለጎን ወሬ ይጀመራል፤ ቁጥሩ በዚያ መሃል ሾልኮ ያልፋል። ያን ሁሉ ተምሬ ለአገሬ ያበረከትኩት አንድ ብርጭቆ ውኃ ነው፤ እሱንም ሌላ ሰው ጠጣው።

ምልክቶቹ ዱሮ በቀይ ነበር የሚታተሙት። ዘንድሮ ያ የማውቀው ሰው "ቀይ ቀለም ብክነት ነው" ብሎ አስቆመው፤ ሰርኩላሩ ላይ ፊርማው አለ፣ እንዴት እንደሚያምር! ስለዚህ ሁሉም በጥቁር መጣ። ንግግሩን ደግሞ አስቀድሞ አያነበውም፤ ከሕዝቡ እኩል መስማት ነው የሚወደው። ትሕትና ነው። እናም በቀጥታ ስርጭት፣ በዚያ በሚያምር ድምፁ፣ "የዘንድሮውን የበጀት ጉድለት በተመለከተ፣ እዚህ ላይ ውኃ ይጠጡ" አለ።

እኔ ታክሲ ውስጥ ነበርኩ፤ ሬዲዮው ተከፍቷል። ጀሪካን ያቀፈች አንዲት እናት "ውኃው መቼ መጣና!" አለች። ታክሲው በሳቅ ፈረሰ። ሹፌሩ ጨዋታው እንዳያመልጠው ድምፁን ከፍ ሲያደርገው፣ ያ ዓመት ሙሉ የደበቅነው ቁጥር ጥርት ብሎ ተሰማ። ሳቁ ቆመ። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ሲባል እሰማ ነበር፤ ተናጋሪውን ይወስዳል ብሎ የነገረኝ ግን የለም።

አሁን ብድሩን የተጠየቀ ሁሉ "እዚህ ላይ ውኃ ይጠጡ" ይላል አሉ። ከዚያ ሁሉ ንግግር ሕዝብ በቃሉ የያዘለት አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፣ እሱም የኔ! ደራሲ ሆኜ ቀረሁልሽ፤ ያውም ባለ ብዙ አንባቢ።

ኧረ እንደሱ አትዪኝ! ሆን ብዬማ አይደለም። እኔ ሆን ብዬ ያደረግኩት ነገር ተሳክቶልኝ ያውቃል እንዴ? መሃረብ ነው የምትፈልጊው? እንኪ፣ ንጹሕ ነው። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም ይላሉ... በሰው መሃረብ ማበስ ግን ተለምዷል። ለዚያ ለማውቀው ሰውም አትዘኚለት፤ ሲሾም ያልጠጣ ነው ሲሻር የሚጠማው፣ እሱ በጊዜው ጠጥቷል።

በይ እንግዲህ፣ ደረጃውን ቀስ ብለሽ ውረጂ፤ አምፖሉ ተቃጥሏል። ለባልሽ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። ያን ሰው ካገኘሽው ደግሞ አልተቀየመህም፣ እንዲያውም መርቆሃል በይው። ነገ ሁለታችንንም ጠርተውናል፤ ጎን ለጎን ነው የሚያስቀምጡን አሉ። ኮሚቴው "ጥፋቱ የማን ነው?" ብሎ ሲጠይቅ እግዜር ብቻውን አይተወው፤ ልክ እንደ እሱ ያለ ጓደኛ አጠገቡ ያስቀምጥለት።

አሜን በይ እንጂ!