የቅበላ ኖራ

የቅበላ ዋዜማ ቅዳሜ ነበር። በንፋስ መውጫ ገበያ ከኖራ ሻጯ ከጌጤ ፊት ቆሜአለሁ። ጉዳይ ኖሮኝ አይደለም፤ የኬሚስትሪ ትምህርቴን ከጨረስሁ ወዲህ ብቻዬን መዞር ልማዴ ሆኗል። ድጓ የሚያስተምሩት መሪጌታ ገብረ ሕይወት መጡና አንድ ቁና ኖራ አስሰፈሩ።

«የኔታ፣ ቤት ሊያስቀቡ ነው?» አልኋቸው።

«የለም፣ አዱኛ። የሚበላው አለ።»

ጌጤ ሳቋን በነጠላዋ ሸፈነች። እኔ ግን ሳቁ አልመጣልኝም፤ ኖራውን ተሸክሜ ተከተልኋቸው።

ከጓዳቸው ሰማያዊ መብራት የበራበት የመስታወት ገንዳ አለ። ልጃቸው ቻላቸው የጅቡቲ መንገድ ሾፌር ሳለ ከነጨው ውሃው ያመጣው ነው። ቻላቸው ከሁለት ዓመት በፊት በጀልባ ሊሻገር ባሕር ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ ጠፋ። በገንዳው መካከል ኮራል፣ ያ ከባሕር ሥር እንደ ድንጋይ የሚጠነክር እንስሳ፣ አምስት ቅርንጫፍ አውጥቶ እንደ እጅ ተዘርግቷል። ሁለቱ ጣቶች እንደ አጥንት ነጥተዋል። በሦስቱ ላይ ጸጉር መሳይ ነገር ይርገበገባል።

«ቻላቸው፣ ‹አባባ፣ ኖራ ካላገኘ አጥንት አይሠራም› ብሎኝ ነበር» አሉ። «አልነፈግሁትም። ግን በቤቴ ያለ ሁሉ ይጾማል። ረቡዕና ዓርብ አልሰጠውም። ነገ ቅበላ ነው፤ የኀምሳ አምስቱን ቀን ቀለብ ባንዴ አጠግበዋለሁ።»

«እንዳያደርጉት፣ የኔታ! ያቃጥሉታል!»

«ተማሪ ቤቱ ተናገረ!»

«ባለፈው ቅበላስ ምን ሆነ?»

ድምፃቸው ዝቅ አለ። «ውሃው አሬራ መሰለ። በረዶ የመሰለ ነገር ዘነበበት። በማግሥቱ ሁለቱ ጣቶች ነጡ። መልአክ የቆረጣቸው መስሎኝ ነበር።»

«ኖራው ነው የኔታ። ኮራሉ አጥንቱን የሚሠራው ከውሃው ካልሲየም ነው፤ ውሃው እንዳይኮመጥጥ የሚመክተውን ኃይል፣ አልካሊኒቲ የሚባለውንም አብሮ ይወስዳል። ሁለቱም በየቀኑ ይጎድላሉ። ባንዴ ሲበዙ ግን እርስ በርስ ተያይዘው ዝቃጭ ይሆናሉ እንጂ ለእሱ አይደርሱትም። የክረምቱ ዝናብ ሁሉ ባንድ ቀን ቢወርድ ገብስዎ ይበቅላል?»

«ጾሙንስ ላፍርስበት?»

«ኖራ ከየትኛው መጽሐፍ ጥሉላት ሆነ? ሥጋ ነው ወተት?»

ሳቁ። «አንተ ቅኔ ቤት ብትገባ መምህሩን ታስጨንቅ ነበር!» ወዲያው ግን ፊታቸው ጠቆረ። «ቢሞትብኝስ? የቻላቸውን ፍትሐት ያላስደረግሁት ይሄ በሕይወት እስካለ እሱም አለ ብዬ ነው።»

የሽማግሌ እምቢታ ሁልጊዜ አለማወቅ አይደለም፤ ፍርሃትም ነው። ስለዚህ ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው።

«በጠርሙስ የሚሸጥ መድኃኒት አለ፤ አንዱ ለካልሲየም፣ ሌላው ለአልካሊኒቲ። ግን እስኪመጣ ሩቅ ነው፤ አንዱ ቢቀር ሚዛኑ ይፋለሳል። የኖራ ውሃ ሁለቱንም አስማምቶ ይሰጣል። ኖራውን በንጹሕ ውሃ በጥብጠን እናስቀምጠው። ሲጠልል፣ የጠራውን ብቻ በግሉኮስ ቱቦ ጠብ ጠብ እናደርጋለን፤ በትነት በጎደለው ውሃ ልክ፣ ከዚያ ሳናልፍ።»

«እሺ» አሉ፤ ቁናውንም ወደኔ ገፉት።

ጾሙን በሙሉ፣ ረቡዕም ዓርብም ጠብታው አልተቋረጠም። በሆሳዕና ሰሞን አስጠሩኝ። ውሃው ጠርቷል፤ ሦስቱ ጣቶች ቀልተዋል፤ በአንድ ቀን ሊያልቅ የነበረው ኖራ ከቁናው ብዙም ሳይጎድል ተቀምጧል።

«ለደቀ መዛሙርቴም ነግሬአቸዋለሁ» አሉ። «ድጓውንም ባንዴ የዋጠ አያድርበትም፤ በየቀኑ ጥቂት የቀመሰ ግን ይበረታል። ግን ይህን እይ።»

ከነጡት ጣቶች ሥር አዲስ ጣት በቅላለች፤ ትንሽ፣ ወደ ውስጥ የጎበጠች።

«ቻላቸው በልጅነቱ ትንሿን ጣቱን ማረሻ ሰብሮበት ነበር። እንዲህ ጎብጣ ነው የዳነች።»

የተማርሁት ኬሚስትሪ እስከዚያ አይደርስም።

የኔታ መዳፋቸውን በመስታወቱ ላይ አሳረፉ። የጎበጠችው ጣት ጸጉሯን ወደ እሳቸው ዘረጋች።

«ጠብታውን ቁጠርልኝ፣ ልጄ» አሉ። «ዛሬም እንዳይጎድልበት።»