ሁለተኛው ተሳፋሪ

ረቡዕ ረፋድ፣ የአውቶቡስ ትኬት በኢንተርኔት በሚሸጥ ድርጅት የሰርቨር ክፍል፤ አንጋፋው ፕሮግራመር ጥላዬ ለሰርቨር ተቆጣጣሪው ለናሁሰናይ አንድ ወረቀትና እስክርቢቶ ዘርግቷል።

ጥላዬ፦ የአባቴ አጥንት ይውጋኝ፣ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ! እዚያ ላይ ያለው ሁሉ እውነት ነው። ይልቅ ፈርም።

ናሁሰናይ፦ ላንብባት መጀመሪያ፣ ጋሼ። «ቅዳሜ ገጹ ተበላሽቶ መቶ ሺህ መንገደኛ ትኬት አጣ።» መቶ ሺህ?

ጥላዬ፦ እንዳይደነግጡ ብዬ ነው ያሳነስኩት።

ናሁሰናይ፦ ሰርቨሩ የመዘገበው ሁለት መቶ አሥራ አራት ነው።

ጥላዬ፦ ሰርቨር ምን ያውቃል! እንባ ይመዘግባል?

ናሁሰናይ፦ እሺ። «ጥፋተኛዋ አዲሷ ፕሮግራመር ፈትለወርቅ ናት።» ይቺን በምን አወቁ?

ጥላዬ፦ በጠረኗ! የመንገደኛ ስም የምታጸዳ አንዲት ተራ ፋንክሽን፣ አንዲት የኮድ ቁራጭ፣ ለአፍታ ተፈልጋ የምትጣል፣ እሷን አምጥታ ሁሉ በሚያያት አደባባይ አሰጣቻት። እኔ ባልደርስ ይሄ ድርጅት ዛሬ ሽንኩርት ይቸረችር ነበር።

ናሁሰናይ፦ አደባባይ አልነበረችም። ተሳፋሪ በሚመዘግበው ፋንክሽን ሆድ ውስጥ ነው ያገኘኋት።

ጥላዬ፦ ሆድ ውስጥ ያለ ነገር ደጅ ይታያል እንዴ?

ናሁሰናይ፦ ገጹ በተጻፈበት ቋንቋ፣ በፒኤችፒ ይታያል። ስም ካላት፣ በሌላ ውስጥ ብትጻፍም፣ የያዛት ፋንክሽን አንዴ ሲሠራ ለገጹ በሙሉ ትወጣለች። በአንድ ግዢ ላይ አንደኛው ተሳፋሪ በሰላም ያልፋል። ሁለተኛው ሲመዘገብ እንደገና ልትፈጠር ስትል «ይቺን ስም አውቃታለሁ» ብሎ ገጹ ድርቅ ይላል። ለዚህ ነው ብቻውን የሚሄደው ትኬት የቆረጠው፣ ልጁን ይዞ የሚሄደው የቀረው።

ጥላዬ፦ አሁን አንተ ለእኔ ልታስተምር? ህንድ አገር ያሉ ሊቃውንት ሲጨንቃቸው ለማን የሚደውሉ መሰለህ! ለመሆኑ ያ ፋይል የተመዘገበው በማን ስም ነው?

ናሁሰናይ፦ በፈትለወርቅ።

ጥላዬ፦ በቃ! የሙከራ ጊዜዋ ከነገ ወዲያ ያልቃል። አንተ ከፈረምክ የስንብት ደብዳቤዋ ዛሬውኑ ይወጣል።

ናሁሰናይ፦ ሁለት ታናናሾቿን የምታስተምር እሷ ናት።

ጥላዬ፦ እና? እኔ ልጦርላት? ልብስ እያጠበች ታስተምር። ያ እጅ ለሳሙና እንጂ ለኪቦርድ አልተፈጠረም፤ ስትጽፍ ዶሮ የምትጭር ነው የምትመስለው። ዕቃዋን በካርቶን ታቅፋ ስትወጣ በሩን የምከፍትላት እኔው ራሴ ነኝ። ለዚያ ብዬ አዲስ ሸሚዝ ለብሻለሁ፣ እየው።

ናሁሰናይ፦ ሥራ አስኪያጇ ምን አሉ?

ጥላዬ፦ «የናሁሰናይን ፊርማ አምጣ፣ እሱ አይዋሽም» አሉኛ! ኮምፒውተር አገር ሳይገባ ፕሮግራም ስጽፍ የኖርኩትን ሰውዬ! ፈርም እንጂ፣ እስክርቢቶው ደረቀ።

ናሁሰናይ፦ አንድ ነገር ብቻ። ፈትለወርቅ መጀመሪያ ስትጽፋት ስም አልሰጠቻትም ነበር አይደል? ቫሪያብል በሚባል ጊዜያዊ መያዣ ውስጥ ነው ያስቀመጠቻት፤ ሥራዋን ስትጨርስ አብራ እንድትጠፋ።

ጥላዬ፦ ስም አልባ! ዲቃላ! አባቱ የማይታወቅ ኮድ እኔ ባለሁበት ቤት አያድርም ብዬ አይደል እንዴ...

ናሁሰናይ፦ ብለው?

ጥላዬ፦ ብዬ... መከርኳታ! ስም ያወጣችላት ግን እሷ ናት። ያለፈው ዓርብ ከሰዓት፣ እዚያ ወንበሯ ላይ ቁጭ ብላ፣ በገዛ እጇ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ «ተይ ልጄ፣ ተይ» ስላት። በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን!

ናሁሰናይ፦ ዓርብ ከሰዓት እሷ አባቷን እየቀበረች ነበር፣ ጋሼ። ወንበሯ ላይ የተቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ ከኋላ የቆምኩት እኔ።